ለእርጅና የተቀመጠ ገንዘብ ግብር ሊከፈልበት ይገባልን?

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ሽማግሌ ሲመርቅ ከሚሰጣቸው ምርቃቶች አንዱ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ነው። ምርቃቱ አጭር ቢሆንም ሁለት ታላላቅ የሰው ልጅ ፍርሃቶችን ይዟል፤ ይኸውም ጉልበት ሲደክም የሚደግፍ ማጣትና በሞት ጊዜ አፈር የሚያለብስ ማጣት ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ «ጡረታ» እያልን የምንጠራው ቃል የወጣው ከዚሁ «ጦረ» ከሚለው ግሥ ነው። ስለዚህ ጡረታ በቋንቋችን በመጀመሪያ የገንዘብ ስም አልነበረም፤ ልጅ ለወላጁ የሚፈጽመው የፍቅርና የፍትሕ ሥራ ስም ነበር።

«ግብር» የሚለው ቃልም እንዲሁ ሰፊ ነው። ምንጩ ግእዙ «ገብረ»፣ ትርጉሙም «ሠራ» ማለት ነው። ሕዝብ ለመንግሥት የሚያገባው ግብር ተባለ፤ ነገሥታትና መኳንንት ለሠራዊታቸውና ለድኾች የሚያበሉት ታላቅ ማዕድም ግብር ተባለ። አባቶቻችን የገባውንና የተበላውን በአንድ ስም መጥራታቸው፣ ከሕዝብ የተሰበሰበው ተመልሶ ለሕዝብ እንጀራ መሆን እንዳለበት ሳያስታውሰን አይቀርም።

እነዚህን ሁለት ቃላት አንድ ላይ እንድናስብ ያደረገን አንድ ጥያቄ ነው። ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ጋር እናትና አባትን ስለ ማክበር በተወያየንበት ጊዜ፣ ለብዙ ዓመታት ያገለገሉ አንድ አረጋዊ መምህር ተነሥተው እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «ልጅ አባቱን እንዲጦር እናስተምራለን። መንግሥት ለእርጅና ከተቀመጠው ገንዘብ ላይ ግብር ሲወስድስ ከጧሪው እጅ መንጠቁ አይደለምን? ደግሞስ ግብሩ ይቀነስ ብንል፣ ምንም ያላስቀመጠው ሰው ከዚህ ምን ያገኛል?» በዚያን ቀን በቂ መልስ አልሰጠናቸውም። ይህ ጽሑፍ ያን ዕዳ ለመክፈል የተደረገ ሙከራ ነው።

፩. የደጋው ሰው ለእርጅናው እንዴት ያስቀምጣል?

ስለ ቁጠባና ስለ መዋዕለ ንዋይ ሲነገር ብዙዎቻችን የምናስበው የከተማን ባንክ ነው። ነገር ግን በጌራ ምድር፣ በማማ ምድርና በላሎ ምድር የሚኖረው ገበሬ ባንክ ሳያውቅ በፊት መቆጠብን ያውቅ ነበር። ውርጭ ገብሱን ሊመታበት እንደሚችል ስለሚያውቅ በጎችን ያረባል። የመንዝ በግ ሥጋውም ጸጉሩም ይፈለጋል፤ ሴቶች ጸጉሩን ይፈትላሉ፣ ከፈትሉም ባና ይሠራል። በግ ለደጋው ሰው በችግር ጊዜ የሚወጣ ተቀማጭ ገንዘብ ነው፤ ግልገሉም ወለዱ ነው። ከጀማ ወንዝ አቅራቢያ ባለው የመርሐ ቤቴ ቆላ ያለው ወንድሙም በጤፉና በማሽላው ይህንኑ ያደርጋል።

ሁለተኛው ተቀማጭ መሬት ነው። መንዝ እስከ 1967 ዓ.ም. የርስት አገር ነበረች፤ ሰው ከአባቱና ከእናቱ በሚቆጠር ትውልድ መሬት ያገኝ ነበር። ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ወዲህ መሬት የሕዝብ ሆኗል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ቢሆንም ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ መሬቱን ለሌላ ሰው በእኩል እያሳረሰ ከምርቱ ድርሻውን ይወስዳል። ይህ ለእርሱ ጡረታው ነው። ሦስተኛው ተቀማጭ፣ ከሁሉም በላይ የሚታመነው፣ ልጅ ነው።

አራተኛም አለ፤ እርሱ ግን የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። በመንዝ ጌራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ አንድ መቶ ያህል ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የጓሳ ሣር ምድር አለ። የአስቦና የጌራ አባቶች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ሣሩ ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመታት ይዘጋል፤ ማንም ከብቱን አያስገባበትም፣ ማንም አያጭድበትም። ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም በሥርዓቱ ያጭዳል፤ በሣሩም ቤቱን ይከድናል። ቄሮው ከ1967ቱ የመሬት ለውጥ በኋላ ቢፈርስም ሕዝቡ የጥበቃውን መንፈስ አልተወውም፤ ቦታው ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው።

ጓሳን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ሥርዓት ሁለት ነገሮችን በአንድነት ያስተምራል። አንደኛው፣ ለነገ ሲባል ዛሬ እጅን መሰብሰብ በጎ ምግባር መሆኑን ነው፤ በተዘጋው ወራት የገባ ይቀጣ ነበርና። ሁለተኛው፣ የተጠበቀው ሀብት ሲከፈት ከጋራው ድርሻ የሚቀር እንዳይኖር መደረጉን ነው። የምንመረምረው ጥያቄም በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው።

፪. ሕጉ ምን ይላል?

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በሕግ የተደራጀው በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ነው። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግሥት ደግሞ 6 በመቶ ያዋጡ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የወጡት ሁለት አዋጆች፣ ማለትም 714 እና 715፣ ይህን ከፍ አደረጉት፤ መዋጮው ቀስ በቀስ አድጎ የሠራተኛው 7 በመቶ፣ የአሠሪው 11 በመቶ ሆነ። ከሁለቱ አንዱ የግል ድርጅት ሠራተኞችን ለመጀመሪያ ጊዜ በጡረታ ጥላ ሥር አስገባ። በእነዚህ አዋጆች መሠረት 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ዕድሜው 60 ሲደርስ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ለሚቆጠረው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። እንግዲህ 30 ዓመት ያስተማረ መምህር 55 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። አማካይ ደመወዙ 6,000 ብር ከነበረ አበሉ 3,300 ብር ይሆናል። እነዚህ ሁለት አዋጆች በ2014 ዓ.ም. በሌሎች ተተክተዋል።

ይህ የጡረታ አበል ከገቢ ግብር ነጻ ነው። የ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከግብር ነጻ ካደረጋቸው ገቢዎች አንዱ እርሱ ነው። ይህም ምክንያታዊ ነው፤ ሠራተኛው ያዋጣው 7 በመቶ ቀድሞ ግብር ከተቆረጠለት ደመወዝ የወጣ ነውና። ገበሬ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ አንድ እህል በዘርም በአጨዳም ሊቆረጥበት አይገባም። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የሚያውቁት የተለመደው የጡረታ ተቀማጭ ግን በተቃራኒው የተሠራ ነው፤ ሲዘራ ግብር አይነካውም፣ ሲታጨድ ግን ይከፈልበታል። ሁለቱም መንገድ ሊከበር ይችላል። ፍትሕ የሚጓደለው በሁለቱም ጊዜ ሲወሰድ፣ ወይም በሁለቱም ጊዜ ሳይከፈል ሲቀር ነው።

በግል የተቆጠበና በሥራ ላይ የዋለ ገንዘብ ግን እንደ ጡረታ አበል ነጻ አይደለም። የ2008ቱ አዋጅ ሲወጣ በባንክ ካለ ቁጠባ ወለድ ላይ 5 በመቶ፣ ከአክሲዮን ከሚገኝ የትርፍ ድርሻ ላይ 10 በመቶ፣ አክሲዮን ተሽጦ ከሚገኝ ጥቅም ላይ ደግሞ 30 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር። ቤት ሠርቶ በማከራየት ለመጦር ያሰበ ሰውም በየደረጃው የኪራይ ገቢ ግብር ይከፍላል። የአክሲዮን ጉዳይ ከእንግዲህ የጥቂቶች ብቻ አይሆንም። በደብረ ብርሃን በ2007 ዓ.ም. ምርት የጀመረው የሐበሻ ቢራ ፋብሪካ የተቋቋመው በሺዎች ከሚቆጠሩ ባለ አክሲዮኖች በተሰበሰበ ገንዘብ ነው። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቷል።

፫. «ይቀነስ» የሚሉ ወገኖች ምክንያት

ለእርጅና የተቀመጠውና በሥራ ላይ የዋለው ገንዘብ ግብሩ ይቀነስለት የሚሉ ሰዎች ክርክር ቀላል አይደለም። በመጀመሪያ፣ የቆጠበ ሰው ራሱን የከለከለ ሰው ነው ይላሉ። ከሁለት እኩል ደመወዝተኞች አንዱ ያገኘውን በልቶ ሲጨርስ፣ ሌላው አስቀምጦ ኋላ በወለዱ ላይ ዳግመኛ ሲከፍል፣ ሕግ ቁጥብነትን የቀጣ ይመስላል። ሁለተኛ፣ የተቆጠበው ገንዘብ ተኝቶ አይቀርም፤ ባንክ ያበድረዋል፣ ፋብሪካ ይተከልበታል፣ ወጣቱ ሥራ ያገኝበታል። ሦስተኛ፣ የራሱ ተቀማጭ ያለው ሽማግሌ የማንንም ፊት ሳያይ በክብር ይኖራል።

የቤተ ክርስቲያን ማኅበራዊ ትምህርትም ይህን ሐሳብ አያጣጥልም። ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው ሠራተኛው ከደመወዙ ቆጥቦ ጥቂት ሀብት ሊያፈራ እንደሚገባ አስተምረዋል፤ መንግሥትም ከልክ ባለፈ ግብር የግለሰብን ሀብት ሊያሟጥጥ እንደማይገባ አስጠንቅቀዋል። እንግዲህ የደኻ ቁጠባ በቤተ ክርስቲያን ዓይን የስስት ምልክት አይደለም፤ የቤተሰብ ጋሻ ነው።

፬. «አይቀነስ» የሚሉ ወገኖች ምክንያት

በሌላ በኩል የሚቆሙት ደግሞ የቅናሹ በረከት ለማን እንደሚደርስ ይጠይቃሉ። በምሳሌ እንየው። አንዲት እናት በባንክ 10,000 ብር አላቸው እንበል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ባወጣው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ በ7 በመቶ ቢሰላ በዓመት 700 ብር ያገኛሉ፤ 5 በመቶ ግብሩ 35 ብር ነው። በሌላ ቤት ደግሞ በዓመት አንድ ሚሊዮን ብር የትርፍ ድርሻ የሚደርሰው ሰው አለ፤ በ10 በመቶ ስሌት ግብሩ 100,000 ብር ነው። ሁለቱም ግብሮች ቢነሡ ለእናታችን 35 ብር፣ ለባለጸጋው መቶ ሺህ ብር ይቀርላቸዋል። ሕጉ ሁለቱንም «ቆጣቢ» ብሎ በአንድ ስም ይጠራቸዋል፤ ስጦታው ግን የአንዱ ፍርፋሪ፣ የሌላው ማዕድ ሆነ።

ከዚያም መንግሥት ያጎደለውን ከየት ይሞላል? ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ከመሐል ሜዳ ወደ ታች የሚወርደው መንገድ ገንዘብ ይፈልጋሉ። ብዙ ጊዜ የሚሞላው በዕቃ ላይ በሚጣለው ግብር ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ 15 በመቶ ነው፤ ሳሙናና ልብስ የሚገዛ ሁሉ ሳያየው ይከፍለዋል። የባንክ ደብተር የሌላት የግሼ ባልቴት ከወለድ ግብር ቅናሽ ምንም አታገኝም፤ ቅናሹን ለመሙላት ግን ከምትገዛው ሳሙና ላይ ልታዋጣ ትችላለች። ስለዚህ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1961 «ማተር ኤት ማጂስትራ» በተባለው መልእክታቸው የግብር ሸክም እንደ እያንዳንዱ አቅም ሊመዘን እንደሚገባ ማስተማራቸውን ማስታወስ ይገባናል።

በዚህ ቦታ ላይ አንድ ወንጌላዊ ታሪክ ይረዳናል። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ፈሪሳውያንን የገሠጻቸው፣ ወላጆች ሊጦሩበት የሚገባውን ገንዘብ «ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው» በማለት ልጆች ከግዴታቸው እንዲያመልጡ ስለ ፈቀዱ ነው። ተግሣጹ ለሁለት ወገን ይሆናል። መንግሥት «የአገር ጥቅም» በሚል የተቀደሰ ስም የሽማግሌውን የዕለት እንጀራ ከወሰደ ያንኑ ስሕተት ይደግማል። ነገር ግን ባለሀብት «ይህ ለእርጅናዬ ነው» ወይም «ይህ ለልማት ነው» በሚል መልካም ስም ከጋራው ግዴታ ቢያመልጥ እርሱም ያንኑ ይደግማል። የንግድ ቤቱን በአረጋዊት እናቱ ስም አስመዝግቦ ግብር የሚቀንስ፣ ለእናቱ ግን በዓመት አንድ ነጠላ የሚገዛ ልጅ ቢገኝ፣ እናቱን ጦረ እንላለንን?

፭. በአዋጅ ያልተጣለ ግብር

ከፍርዳችን በፊት አንድ ነገር መመርመር አለብን። ከላይ ወደ ጠቀስናቸው እናት እንመለስ። ከ700 ብር ወለዳቸው 35 ብር ተቆርጦ በዓመቱ መጨረሻ 10,665 ብር አላቸው። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. እንደሆነው የዕቃ ዋጋ በአንድ ዓመት በ30 በመቶ ቢጨምር፣ አምና በ10,000 ብር ይገዙት የነበረውን እህልና ዘይት ለመግዛት 13,000 ብር ያስፈልጋቸዋል። የጎደላቸው 2,335 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ የግብሩ ድርሻ 35 ብር ብቻ ነው። የቀረውን 2,300 ብር የወሰደው የዋጋ ንረት ነው።

ይህ ስሌት ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ እናታችን በእውነት ምንም ትርፍ ሳያገኙ፣ እንዲያውም ከስረው ሳለ፣ «ገቢ አግኝተዋል» ተብለው ግብር መክፈላቸው ከፍትሕ ጋር እንደሚጋጭ ያሳያል። ሁለተኛ፣ ግብሩን ማንሣት ብቻውን እንደማያድናቸው ያሳያል። የገንዘብን ዋጋ መጠበቅ የመንግሥት የሞራል ግዴታ ነው፤ ሚዛንን ማጭበርበር በገበያ ኀጢአት ከሆነ፣ የብርን ሚዛን ያለ ጥንቃቄ ማቅለልም ከተጠያቂነት አያመልጥም። 3,300 ብር የጡረታ አበል ከግብር ነጻ መሆኑ መልካም ነው፤ አበሉ በየጊዜው ከዋጋ ጋር ካልታረመ ግን ነጻነቱ ባዶ እጅ ያስቀረዋል።

ጣሪያና ወለልም ከዋጋ ጋር መንቀሳቀስ አለባቸው። በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ከደመወዝ ግብር ነጻ የነበረው የወር ገቢ 150 ብር ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 600 ብር፣ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ደግሞ 2,000 ብር ሆነ። በእነዚህ አዋጆች መካከል ባለፉት ዓመታት ቁጥሩ ቆሞ ዋጋ ሲሮጥ፣ ሕግ አውጪው ሳያውጅ ድኾች ወደ ግብር ከፋይነት ገቡ። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣችው ሕግ ከፍ ያለ ገቢ ያላቸው ጡረተኞች ከማኅበራዊ ዋስትና አበላቸው ከፊሉ ግብር እንዲከፈልበት አደረገች፤ ወሰኑም ለአንድ ሰው 25,000 ዶላር ነበር። ወሰኑ ከዋጋ ጋር እንዲያድግ ስላልተደረገ፣ ለባለጸጎች የታሰበው ግብር ከዓመት ወደ ዓመት መካከለኛ ኑሮ ወዳላቸው አረጋውያን ወረደ። በጎ ሐሳብ ያለው ሕግም ቢሆን ካልታረመ ዓላማውን ይስታል።

፮. ፍርዳችን

እንግዲህ አረጋዊው መምህር ላቀረቡልን ጥያቄ ምን እንመልሳለን? አራት ነጥቦችን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፣ ጎተራንና መዝገብን መለየት ይገባል። ጎተራ ማለት ሰው ከመከር እስከ መከር የሚበላው ነው፤ መዝገብ ማለት ከዚያ የተረፈው ክምችት ነው። ለእርጅና የዕለት ኑሮ የሚበቃ ቁጠባና ከእርሱ የሚገኝ ትንሽ ወለድ እንደ ጎተራ ሊታይና ከግብር ሊድን፣ ቢያንስ ግብሩ ሊቀልለት ይገባል ብለን እናምናለን። ሕግ የመምህሩን የጡረታ አበል ነጻ ካደረገ፣ አሠሪ ስለሌላት በገዛ እጇ ለእርጅናዋ ያስቀመጠችውን ጉልት ቸርቻሪ የተለየች የሚያደርጋት ምክንያት የለም። ቅናሹ ግን ወሰን ይኑረው፤ ወሰን የሌለው ቅናሽ ለሽማግሌው ሲባል ተጀምሮ ለባለጸጋው ይፈጸማልና።

ሁለተኛ፣ በሥራ ላይ ለዋለ ሀብት የሚሰጥ የግብር እፎይታ እንደ ብድር ሊቆጠር ይገባል። ተቀባዩ ለሕዝቡ የሚመልሰው ነገር ሊኖር ግድ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀውን የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ የመሰሉ ቦታዎች ባለሀብቶችን የሚስቡት በግብር እፎይታ ጭምር ነው። የዚያ እፎይታ ዋጋ የተከፈለው ከሁላችንም ድርሻ ነው። ከመንዝ ወርዳ በዚያ የምትቀጠር ወጣት ሠራተኛ ለራሷ ኖራ እናቷን ልትደግፍበት የምትችል ደመወዝ ካገኘች፣ የጡረታ መዋጮዋም በጊዜው ከተከፈለላት፣ እፎይታው ፍሬ አፍርቷል። ካልሆነ ግን ከብዙዎች ወስዶ ለጥቂቶች መስጠት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ በጥላው ሥር ያልገቡትን አንርሳ። በጡረታ ላይ ግብር ስለ መቀነስ መከራከር የሚችለው ጡረታ ያለው ነው። የጌራ ምድር ገበሬ፣ በቀን ሥራ የሚኖረው፣ በሰው ቤት ያረጀችው ሠራተኛ ከዚህ ክርክር ውጭ ናቸው። በጉን ድርቅ ወይም ጦርነት ከወሰደበት፣ ልጁም ከተማ ገብቶ ከጠፋ፣ ምን ይቀርለታል? ለባለ ተቀማጩ ቅናሽ የምትሰጥ አገር ተቀማጭ ለሌለው ደግሞ መደገፊያ ልታበጅለት ይገባል። የመጀመሪያውን ሠርቶ ሁለተኛውን መተው ፍትሕን በአንድ እግር ማቆም ነው።

አራተኛ፣ ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ግዴታው ይቆያል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 በማጭበርበር ከተገቢ ግብር የሚያመልጡትን ነቅፏል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ግብር መክፈልን ለጋራ ጥቅም ከሚኖረን ኃላፊነት ጋር ያያይዘዋል። «ሰብሳቢው ይሰርቃል» የሚል ምክንያት ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ጌታችን በዘኬዎስ ቤት በገባ ጊዜ ግን ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ እንጂ ግብር መክፈል ቀረ አልተባለም። የሰብሳቢው ጥፋት ሒሳብ የመጠየቅ መብት ይሰጠናል፤ የመደበቅ ፈቃድ ግን አይሰጠንም።

፯. ወደ ራሳችን ቤት

ጽሑፋችንን በመንግሥት ላይ ብቻ ፈርደን ብንጨርሰው ቀላል ነበር። ነገር ግን ጠያቂያችንን እናስታውሳቸው። እኒህ ሰው ለብዙ ዓመታት ከመንደር መንደር በእግራቸው እየሄዱ ሕፃናትን አስተምረዋል፤ ብዙዎቻችን ጸሎትን የተማርነው ከእሳቸውና እሳቸውን ከመሰሉ ሰዎች አፍ ነው። ከውይይቱ በኋላ ለብቻቸው አግኝተናቸው «እርስዎስ ለእርጅናዎ ምን አለዎት?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ ፈገግ ብለው «አራት በግና እግዚአብሔር» አሉን። ስለ ግብር ቅናሽ የጠየቁት ለራሳቸው አልነበረም፤ ግብር የሚቆረጥበት ነገር አልነበራቸውምና።

የ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 715 የሃይማኖት ድርጅት ሠራተኞች ፈቃደኛ ከሆኑ በጡረታው ዐቅድ እንዲታቀፉ በር ከፍቶ ነበር። ሕግ ግድ አላለንም፤ ለፈቃዳችን ተወው። እንግዲህ ግድ ባልተባልንበት ነገር የምናደርገው ልባችንን ይገልጣል። በየቁምስናችን ያሉ መምህራን፣ ዘበኞች፣ ደወል ደዋዮችና ምግብ አብሳዮች ነገ ማን እንደሚጦራቸው ጠይቀን እናውቃለንን? የጋራ ቁጠባ ቢጀመርላቸው፣ ከየእሑዱ ሙዳየ ምጽዋት ጥቂት ቢለይላቸው፣ ይህ ምጽዋት አይባልም፤ ዘግይቶ የተከፈለ ደመወዝ ነው።

በውጭ አገር ያሉ ልጆቻችንም ይህን ያስቡ። ወር በወር የሚልኩት ገንዘብ በብዙ ቤት የእውነተኛ ጡረታ ሥራ ይሠራል፤ እግዚአብሔር ይባርካቸው። ሆኖም ገንዘብ የሚያደርሰው እስከ ደጅ ነው። ጧሪ ማለት ውኃ የሚያቀብል፣ የሚያጫውት፣ በሕመም ጊዜ አጠገብ የሚቀመጥ ጭምር ነው፤ ይህን የሚያደርግ ጎረቤት ወይም ዘመድ ከጎናቸው መኖሩን መጠየቅም የልጅ ድርሻ ነው።

የጓሳ አባቶች ሣሩን ሲዘጉ የሚያጭዱት ራሳቸው ይሁኑ ልጆቻቸው አያውቁም ነበር። ቢሆንም ዘጉት፤ ሲከፍቱትም አብረው ገቡበት። ለእርጅና የሚያስቀምጥን ሰው ሕግ ይጠብቀው፤ ያስቀመጠውም ሰው ከተከፈተው ሜዳ ያላስቀመጠውን ወንድሙን አያስቀረው። ለአረጋዊው መምህር ያለን መልስ ይህ ነው። የቀረውን መልስ በቃል ሳይሆን በሥራ እንድንሰጣቸው እግዚአብሔር ይርዳን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ሰዎች ለእርጅናቸው የሚያስቀምጡት በምን መልክ ነው? የትኛው በሕግ ይጠበቃል? የትኛውስ አይጠበቅም?

2. «ጎተራ» እና «መዝገብ» በሚለው ልዩነት መሠረት በእናንተ ኑሮ ወሰኑ የት ላይ ይመስላችኋል?

3. በቁምስናችሁ ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ፣ ጧሪ የሌላቸው ሰዎች እነማን ናቸው? እስከ መጪው ፋሲካ ድረስ ምን ልታደርጉላቸው ትችላላችሁ?